ኪኒኗ የጾም ናት?

ከሳይንስ ጋር ጠብ የለኝም። ለብዙ ዓመታት ተከባብረን ነው የኖርነው፤ እሱ በላቦራቶሪው፣ እኔ ሆላንድ አገር፣ ዞተርሜር ከተማ ባለው መጋዘን በዕቃ ማንሻዬ በፎርክሊፍቴ ላይ። እሱ ካርቶኔን ልንካ አላለም፤ እኔም ማይክሮስኮፑን ልንካ አላልኩም። ያገናኘችን ባለቤቴ ሙሉ ናት።

ሙሉ እዚሁ ሰፈራችን ራይስዋይክ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣

"ሮተርዳም ውስጥ የሚጾም ሰው ይፈለጋል" አለችኝ።

"ምን ሊያደርጉት?"

"ሆዱን ሊያጠኑት።"

"የማንን ሆድ?"

"ያንተን ነዋ። አስመዝግቤሃለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሲጾም አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ምን እንደሚሆኑ የሚያጠና የምርምር ቡድን አለ። ለካ ሆዳችን ውስጥ ቆጥረን የማንዘልቃቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ፤ እኛ ስንጾም እነሱም ሳይወዱ በግድ ይጾማሉ። ይህን ስሰማ እውነቴን ነው አዘንኩላቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ስይዝ ስንት ነፍስ አብሬ እንዳስራብኩ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ጿሚ ይፈልጋሉ። "ሙስሊም የምታውቀው ሰው ካለ ይዘህ ና" ሲሉኝ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሰይድ አለ።

ሰይድ እዚያው መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ፣ ከባለቤቱ ከዘይነብ ጋር ዴን ሃግ የሚኖር የወሎ ልጅ ነው። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። የሱ አባት ይመር ይባላሉ፤ የኔም አባት ይመር ይባላሉ። እኛ አገር ይመር ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ ማንም በዚህ ግራ ሲጋባ አይቼ አላውቅም። ሆላንድ ግን ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ፣ ሁለታችንም "ሜኔር ይመር" ነን፤ አቶ ይመር እንደማለት። የኔም ስም እንደ ሰይድ በ"ኤስ" ይጀምራል። በዚህ ላይ ሁለታችንም የተወለድነው ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው። ማለቴ በወረቀት። ስደተኛ ሆነን ስንገባ የልደት ቀናችንን ቢጠይቁን፣ እኔ "ጎርፉ ድልድዩን በወሰደበት ክረምት" አልኩ፤ ሰይድ ደግሞ በሌላ ቢሮ "የአጎቴ በሬ በጠፋ ሰሞን" አለ። ሁለቱም ጸሐፊዎች ትንሽ አሰብ አድርገው ጃንዋሪ አንድ ብለው ገላገሉን። ዓመቱንም አንድ ዓይነት ሰጡን። እኛ አገር ሴቶች ሁሉ ተማክረው ጃንዋሪ አንድ የሚወልዱ የሚመስላቸው ሆላንዶች ሳይኖሩ አይቀሩም።

ቀጠሮው ለምሽት ሆነ፤ ሰይድ ሳያፈጥር ምንም ነገር ወደ አፉ ማስገባት ስለማይችል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምሩን በላ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ጠሩን።

የተቀበለችን ዶክተር ማሬይከ ነች። ረጅም ናት፤ የብስክሌት ቆቧን አልፎ አልፎ ከራሷ ላይ ማውለቅ ትረሳለች። መዳፏ ላይ አንዲት ኪኒን አድርጋ አሳየችን። ኪኒን ልበላት እንጂ ከኪኒን ይልቅ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረች። ውስጧ ባትሪ አለ፤ ሙቀት የሚለካ አለ፤ አሲድ የሚለካ አለ፤ ጋዝ የሚለካ አለ። የለካችውን ሁሉ ወገባችን ላይ ወደምናስረው መቀበያ ትልካለች።

"ምን ሰዓት እንደበሉ፣ ምግቡ እንዴት እንደተፈጨ፣ ባክቴሪያዎቹ ምን ያህል እንደሠሩ ሁሉንም ትነግረናለች" አለች ዶክተሯ። "በሁለት ቀን ውስጥ በተፈጥሮ መንገድ ትወጣለች። ጥያቄ አላችሁ?"

እኔ እጄን አወጣሁ።

"ኪኒኗ የጾም ናት?"

"ይቅርታ?"

"ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የሚባል ነገር የለባትም ወይ?"

"ይቺ እኮ ምግብ አይደለችም፤ መሣሪያ ናት።"

"በአፌ አይደል የምትገባው?" አልኩ።

"እኔም ልጠይቅ ነበር" አለ ሰይድ ከጎኔ። "ሽፋኗ ጀላቲን ከሆነ ከአሳማ ሊሆን ይችላል።"

ዶክተሯ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ሽፋኗን የሠራው ኬሚስት ዘንድ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። ኬሚስቱ እራቱን እየበላ ነበር መሰለኝ፣ ሲያላምጥ ይሰማል።

"ሽፋኗ ከምንድነው?" አለችው።

"የሆድ አሲድ የማያሟሟው አዲስ ቁስ ነው፤ ባለፈው የነገርኩሽ" አለና ሊያብራራ ጀመረ። ሰንሰለት አለ፣ ሞለኪውል አለ፣ ሰንሰለቱ እንዲህ ሲታጠፍ አሲዱ እንዲህ ይሆናል። ቆንጆ ነገር ይመስለኛል፤ አልገባኝም።

"ከእንስሳ ነው ከእጽዋት?" አለች ቆርጣ።

ማላመጡን ተወ። "ከበቆሎ" አለ በመጨረሻ።

"የተቀባችውስ ቅባት?" አለ ሰይድ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ።

ሲነሣ፣ ሲራመድ፣ የሆነ መሳቢያ ሲከፍት ሰማን። "ከሱፍ ዘይት ነው" አለና ትንሽ ቆይቶ፣ "ይህን ማንም ጠይቆን አያውቅም" ብሎ ጨመረ።

እኔና ሰይድ ተያየን። ያን ምሽት ለሳይንስ የሆነ ነገር ያበረከትን መስሎን ደረታችን ነፋ ብሎ ነበር።

አንዲት ነርስ ሁለት ትሪ ይዛ ገባች። በየትሪው አንዳንድ ኪኒን፣ አንዳንድ መቀበያ አለ።

"ሜኔር ይመር?"

"አቤት" አልን ሁለታችንም።

"የትውልድ ቀን?"

"ጃንዋሪ አንድ" አልን ባንድ ድምፅ፣ ዓመቱንም ጨምረን።

ትሪዎቹን አየች፣ እኛን አየች፣ አንዱን ለኔ አንዱን ለሰይድ ሰጠች። ዋጥን። ኪኒኗ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ቆማ አካባቢውን ቃኘችና ወረደች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሰላም ነበሩ። መቀበያዋን ወገቤ ላይ አስሬ ሥራ እሄዳለሁ። እኔ ስጾም እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሥራ ቦታ ካለችው ትንሽ መመገቢያ ክፍል ገብቼ ሙሉ የቋጠረችልኝን ሽሮ፣ ምስር፣ ጥቅል ጎመን አንድ ላይ እበላለሁ፤ ማታ ሻይ ብቻ ነው። ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ኳስ ያወራልኛል፤ እሱ የሚበላው ጎህ ሳይቀድ ሱሁሩን፣ ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ኪኒኗም በሰዓቷ ወጣች። ስለ አወጣጧ ዝርዝር አልገባም፤ እናንተም ምናልባት ምግብ ላይ ትሆናላችሁ።

ከዚያ ዶክተር ማሬይከ ለውጤት ጠራችኝ። "ቤተሰብ ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው" ስላለች ሙሉን ይዤ ሄድኩ።

ስክሪኑ ላይ መስመር አለ። ይወጣል፣ ይወርዳል። ዶክተሯ በብዕሯ ጫፍ እያሳየች፣ "እዚህ ጋ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትልቅ ትኩስ ምግብ በልተዋል" አለች።

"ማን?"

"እርስዎ። ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ ውሃ ጠጥተዋል።"

እኔ ቀዝቃዛ ውሃ አልወድም። ጥርሴን ይነዝረኛል። ይህን ስነግራት መስመሩን እንደገና አየችና ራሷን ነቀነቀች፤ ለኔ አዝና እንጂ መስመሩን ተጠራጥራ አልነበረም።

"ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደገና ትልቅ ምግብ።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይስ?" አልኩ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ ነው።"

"ሽሮዬስ?"

"ምንም ሽሮ አይታይም" አለች በሙሉ እርግጠኝነት።

ሙሉ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ያቺን አዟዟር አውቃታለሁ።

"የቋጠርኩልህን ሽሮ" አለች በአማርኛ፣ "ለማን ነው የምታበላው?"

"በልቼዋለሁ እኮ!"

"ይኸው ሆድህ አልበላሁም እያለ!"

ዶክተሯ አማርኛ ባይገባትም ነገሩ ገብቷት መሰለኝ ለማብረድ ሞከረች። ሰዎች የሚበሉትን በትክክል እንደማያስታውሱ፣ እንዲያውም ተኝተው ተነሥተው በልተው ጠዋት ምንም የማያውቁ እንዳሉ ነገረችን። አስታረቅኩ ብላ አሁን ደግሞ ሌላ እሳት ለኮሰች። ከሮተርዳም እስከ ራይስዋይክ በባቡሩ ውስጥ ሙሉ መስኮቱን እያየች መጣች። እኔ ደግሞ ሆዴን እያየሁ።

አሁን ፍረዱኝ። እኔ በላሁ እላለሁ፤ ሙቀትና አሲድና ጋዝ የሚለካ፣ ስንት የተማረ ሰው የደከመበት መሣሪያ አልበላህም ይላል። ማንን ታምናላችሁ? እኔ መሣሪያውን አመንኩ። የሽሮው ጣዕም አፌ ላይ እያለ መሣሪያውን አመንኩ።

ያስጨነቀኝ ግን ጾሙ ነው። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ ሰው ተኝቶ ቢበላ ጾሙን ገደፈ ይባላል?"

"ማን ነው ተኝቶ የበላው ልጄ?"

"እኔ ነኝ አሉ።"

"እነማን ናቸው ያሉት?"

"ኪኒኗ ናት ያለችው፣ አባ።"

አባ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ሰማሁ። "ለመሆኑ ምንድነው የበላኸው?" አሉኝ።

"እሱን አላውቅም።"

"በል መጀመሪያ እሱን አጣራ። ሽሮ ከሆነ አንድ ነገር ነው። አይብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አጣርተህ ደውልልኝ።"

ማጣራቱን ሙሉ ወሰደችው። መኝታ ከመግባታችን በፊት ከመኝታ ቤታችን በር እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ ወለሉ ላይ ዱቄት ነሰነሰች። በመጀመሪያ እጇን የሰደደችው ወደ ጤፉ ከረጢት ነበር፤ ወዲያው የሚያስከፍለን ትዝ ብሏት መሰለኝ ስንዴውን አነሣች። ወንጀሌ ለጤፍ አልበቃም።

ጠዋት ስንነሣ ዱቄቱ ላይ ዱካ ነበር። ወደ ማቀዝቀዣው ሄዷል፤ ተመልሷል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የኔ የቤት ጫማ ነው። የተረከዙን ስንጥቅ እንኳ ለይቼ አወቅሁት። ማቀዝቀዣውን ከፈትን፤ ለፋሲካ የተገዛው ትልቁ የሆላንድ አይብ ግማሹ የለም።

"አይብ" አለች ሙሉ።

"አይብ" አልኩ።

ልጃችን ሃና ቦርሳዋን አንግባ ከክፍሏ ወጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚህ ተወልዳ እዚህ ስላደገች እኔንም አባቷን አንተ ትለኛለች፤ ለምጄዋለሁ። ዱቄቱን አየች፣ ዱካውን አየች፣ ተንበርክኬ የጫማዬን ተረከዝ ከዱካው ጋር ሳስተያይ እኔን አየች።

"ፓፓ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"በእንቅልፍ ልቤ እየሄድኩ ነው ልጄ።"

ትንሽ አሰበች። "ኦኬ" አለች፤ "ዶክተር ጋ ሂድ እንግዲህ" ብላ ወጣች።

ሄድኩ። የሰፈራችን ሐኪም፣ እዚህ ሁይስአርትስ የሚባለው፣ ነገሩን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

"በሌሊት መብላትዎ ያስቸግርዎታል?" አለኝ።

"መብላቴን እኮ አላውቀውም።"

"ካላወቁት እንዴት ያስቸግርዎታል?"

ፓራሲታሞል ይውሰዱ አለኝ። ለምኑ ብለው፣ ራስዎን ካመመዎት አለኝ። አላመመኝም ነበር፤ ስወጣ ግን አመመኝ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መሣቂያ መሆኑ ቀረ። ፎርክሊፍት እኮ ነው የምነዳው። በእንቅልፍ ልቡ አይብ የሚቆርጥ ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሰው ላይ ካርቶን ላለመጫኑ ምን ዋስትና አለ? ሰዎች በፎርክሊፍቱ ሹካዎች አጠገብ ባለፉ ቁጥር ሞተሩን አጥፍቼ እስኪርቁ እጠብቅ ጀመር። ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩት። እሱም ደግ ሰው ነው፣ ቁልፉን ተቀብሎ ካርቶን ላይ ፕላስተር የሚለጠፍበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ። ካርቶን እየለጠፍኩ አባቴ በስተርጅናቸው ስሜን ይረሱ እንደነበር አስታውሳለሁ። እሳቸው ግን በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ነበር። እኔ ገና ነኝ። ቤት ስገባ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ፣ ምድጃ አጥፍቼ እንደሆነ፣ የሃናን የልደት ቀን ራሴን እየጠየቅሁ እፈተናለሁ። ሙሉም መቆጣቷን ትታ በዝግታ ታወራኝ ጀመር፤ መጦሪያ ቤት እንዳሉት ሽማግሌዎቿ። እሱ ከቁጣዋ ይልቅ አስፈራኝ።

ይህን ጉድ ላወራው የምችለው ለሰይድ ብቻ ነበር። ሰይድ ግን ተለወጠብኝ። ጠዋት ጠዋት ፌርማታ ላይ ይጠብቀኝ የነበረው ቀረ። ስደውል አያነሣም። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዬን ከፍቼ ስቀመጥ፣ ከጎኔ ተነሥቶ ራቅ ካለው ጠረጴዛ ሄዶ ተቀመጠ። ምግቤን ትቼ ተከተልኩት።

"ሰይዶ፣ ምን አደረግኩህ?"

"ምንም አላደረግከኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ብቻ ስትበላ ከኔ ራቅ በል" አለኝ፤ ዓይኔንም አላየም።

ይህን ያህል ዘመን አብረን ጾመን፣ አብረን ፈስከን አሁን ሽሮዬ አስጠላው? ግራ ገባኝ። ከዚያ ደግሞ ግራ የመጋባቱ ራሱ የበሽታው ምልክት እንዳይሆን ፈርቼ ግራ መጋባቴን ደበቅሁ።

በዚህ መሐል ዶክተር ማሬይከ ደወለች። ድምፏ በደስታ ይንቀጠቀጣል። አምስተርዳም ውስጥ ተመራማሪዎች ተሰብስበው ሥራቸውን እርስ በርስ የሚያሳዩበት ቀን አለ፤ የባዮሎጂው፣ የኬሚስትሪው፣ የሕክምናው፣ አዳዲስ ቁስ የሚሠራውም ሰው ሁሉ ይመጣል። የኔን መስመር ልታሳያቸው ነው።

"እርስዎ በጣም አስገራሚ ሰው ነዎት" አለችኝ።

ሆላንድ ከገባሁ ጀምሮ አስገራሚ ነህ ያለኝ የለም። በሽታዬም ቢሆን ደስ አለኝ። የሠርጌን ሱፍ አወጣሁ። ሱሪው ወገቤ ላይ አልዘጋ አለ።

"ሌሊት ሌሊት አይብ እየበላህ እንዴት ይዘጋል?" አለች ሙሉ። ቢሆንም ክራባቴን ራሷ አሰረችልኝ።

አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ማን ቆሞ አገኛለሁ? ሰይድ። እሱም ሱፍ ለብሷል።

"አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ተጋብዤ ነው። አንተስ?"

"እኔም ተጋብዤ።"

ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም። የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ መሐላችን አንድ ባዶ ወንበር አስቀርተን ተቀመጥን።

ዶክተር ማሬይከ ወጣች። ዛሬ ቆቧን አውልቃለች። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ታየ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ስም አልጠራችም፤ አንደኛው ተሳታፊ፣ ሁለተኛው ተሳታፊ ነው የምትለው።

"አንደኛው ክርስቲያን ነው" አለች ሰማያዊውን እያሳየች። "ከሰዓት በኋላ እበላለሁ ብሎ በቅንነት ያምናል። ሰውነቱ ግን የሚበላው ከጎህ በፊትና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሁለተኛው ሙስሊም ነው። ቀን ምንም አልቀምስም ብሎ በቅንነት ያምናል። ሰውነቱ ግን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጣም ከባድ ምግብ ይበላል።"

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ሰው ይጽፋል። የሰው ትዝታ ከሆዱ ጋር ምን ያህል እንደሚለያይ እያብራራች ቀጠለች። እኔ ግን መስማት ትቼ ወደ ሰይድ ዞርኩ። ሰይድ ፊቱ አመድ መስሏል። እንባ አቅርሯል። ረመዳኑን ቀን ቀን ይበላል እየተባለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተቀምጦ መሬቱን ያያል። ራቅ በል ያለኝ፣ ፌርማታው ላይ የቀረው፣ ስልኩን ያላነሣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እሱም እንደኔ መሣሪያውን አምኖ ኖሯል።

"እዚህ ላይ" አለች ዶክተሯ በብርሃን እየጠቆመች፣ "የሁለተኛው ተሳታፊ ጋዝ በጥናቱ ካየነው ሁሉ ከፍተኛው ነው። መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በላይ ሄዷል።"

ቀዩን መስመር አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል። ሽሮ። ቀጥሎ ከፍ ይላል። ምስር። ከዚያ ጥቅል ጎመኑ ሲደርስ ጣራውን ጥሶ ይወጣል። ቀኑን አስታወስኩት። ሙሉ ያን ቀን ነጭ ሽንኩርት አብዝታ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፎርክሊፍቱ ላይ ብቻዬን መሆኔን አመስግኜ ነበር።

እግሬ ራሱ አቆመኝ።

"ያ ጋዝ የኔ ነው!" አልኩ፣ በሆላንድኛ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ።

ዶክተሯ ብርሃኗን ግንባሬ ላይ አብርታ ቀረች። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ስክሪኑን አየ። ሰማያዊውን መስመር በጣቱ ተከተለ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በድንገት ወደ ታች የሚወድቅበት ቦታ ሲደርስ እሱም ብድግ አለ።

"የኔ በረዶ ውሃ!" አለ በአማርኛ። "ሱሁሬን በልቼ ሳበቃ የምጠጣው! ዘይነብ ሁልጊዜ ትቆጣኛለች! ያ የኔ ሱሁር ነው!" ደግሞ ወደ አዳራሹ ዞሮ በሆላንድኛ፣ "ሰማያዊው እኔ ነኝ!" አለ።

"ቀዩ እኔ ነኝ!" አልኩ።

"ግን..." አለች ዶክተር ማሬይከ። "የእናንተ ስም..."

"ይመር" አልን ሁለታችንም።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ድምፁን አወቅሁት፤ የኬሚስቱ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። ዶክተሯ ብቻ አልሳቀችም። መጀመሪያ ቀላች፣ ከዚያ ነጣች፣ ከዚያ ወደ መድረኩ ጫፍ መጥታ በሁሉም ፊት ሁለታችንንም ይቅርታ ጠየቀች። ወዲያው መስመሮቹን አዟዟረቻቸው። ክርስቲያኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላል። ሙስሊሙ ከጎህ በፊትና ፀሐይ ስትጠልቅ ይበላል። የሚጽፉት ሰዎች ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሁለታችንም ያልነውን ነው የበላነው፤ ለጉባኤ የሚያበቃ ነገር የለውም። እውነት ለመናገር አስገራሚነቴ ሲወሰድብኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ባዶ ወንበር አላስቀረንም።

"ስንት ቀን ቀዷ ላወጣ እንደነበር ታውቃለህ?" አለኝ ሰይድ። "ከዒድ በኋላ ሁሉንም ደግሜ ልጾም ነበር። ለዘይነብ እንኳ አልነገርኳትም።"

"ታዲያ እኔን ለምን ሸሸኸኝ?"

አፈረ። "ትስቃለህ።"

"አልስቅም።"

"አጠገቤ ሆነህ ስትበላ ሽታው ሆዴ እየገባ ይሆናል ብዬ ነው" አለኝ። "ሳይንስ እኮ ነው፤ ምን አውቃለሁ?"

ሳቅሁ። ለክብሩ ስል አልስቅም ብዬ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። እሱም ሳቀ። አጠገባችን የነበሩት መንገደኞች ከጆሯቸው ማዳመጫቸውን አውልቀው እስኪያዩን ድረስ ሳቅን። ፀሐይዋ በመንገዱ ዳር ካሉት የመስታወት አትክልት ቤቶች ጀርባ ስትገባ ሰይድ ከኪሱ ሁለት ቴምር አወጣ፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለኔ።

ቤት ገብቼ ለሙሉና ለሃና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሃና ጥፍሯን እየነከሰች ሰማችኝና፣

"ዱካው የኔ ነው፣ ፓፓ" አለች። "ያንተን ጫማ አድርጌ ነው የሄድኩት። አይቡንም እኔ ነኝ የበላሁት። በዚህ ጾም በጣም ይርበኛል።"

"ታዲያ ዱካውን ሳስተያይ ቆመሽ እያየሽኝ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ እኮ እርግጠኛ ነበርክ" አለች።

በጉባኤው ምክንያት የዘጠኝ ሰዓቱ ምግብ አልፎኝ ስለነበር ሙሉ ሽሮውን አሙቃ፣ እንጀራውን ዘርግታ ፊቴ አቀረበችው። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"እና በመጨረሻ ምን አገኙ፣ እነዚያ ሁሉ ሊቃውንት?"

"የቋጠርሽልኝን ሽሮ እንደምበላ።"

"ይህንንማ" አለች ሙሉ፣ ምንም ሳታፍር፣ "እኔን ቢጠይቁኝ ያለ ኪኒን እነግራቸው ነበር።"

እጅጌዬን ሰብስቤ፣ መብራቱን ሁሉ አብርቼ፣ ሁለቱም እያዩኝ በላሁ።